ከተሸኙ በኋላ ሰባት ቀን

የቤተ ክርስቲያናቸውን ምእመን ሙሉዬን ከሩቅ ባያት ጊዜ አሳምነው ከወደቡ ሱቅ የገዛውን የዶናት ከረጢት በጥርሱ ነክሶ፣ ሁለት ጋሎን ውሃ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ በጀልባ ማቆሚያው በዶኩ ጣውላ ላይ ሮጠ። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ቦርጩ ቀበቶውን የተሻገረ ሰው እንዲህ ሲበር የሰማ ፈረንጅ ሁሉ ከየጀልባው አንገቱን ብቅ አደረገ። እሱ ግን ማንንም አላየም። ዶሎሬስ በምትባለው ጀልባ ላይ ዘሎ ወጣ፣ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨ፣ በመሰላሉ ቁልቁል ተንሸራቶ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ዘጭ አለ።

«ማናት?» አለ ፍሬምናጦስ፣ ከሬድዮው ጠረጴዛ ሳይነሳ።

«ሙሉዬ!»

«ወይ ፈጣሪዬ! አየችዎት ቺፍ?»

«እኔ እንጃ። ዶናቱን ተቀበለኝ እባክህ።»

ኮማንደር ሳህሉ ከመነጽራቸው በላይ ሁለቱንም አዩና «መጋረጃውን ሳበው» አሉ። ፍሬምናጦስ ሳበ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደ ዶሮ ሌባ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ከላይ የሙሉዬ ጫማ ቋ ቋ እያለ መጣ፤ ዶሎሬስ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ሙሉዬ ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ከዚያ ጫማው ቋ ቋ እያለ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ በኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ሽኝት ተደርጎላቸው ነበር። ሽኝት ልበለው እንጂ ከሠርግ አያንስም። ከሳን ሆዜ ሰው በሁለት ቫን መጣ፣ ከሪችመንድ በየመኪናው መጣ። «በሸራ ጀልባ ሃዋይ ድረስ! ከሁለት ሺህ ማይል በላይ ባሕር!» ያላለ የለም። ቄሱ ጸለዩ። ሙሉዬ አለቀሰች፤ እሷ እያለቀሰች ዝም ያለ ሰው ጨካኝ ስለሚባል ሁሉም አለቀሰ። ሦስቱ መንገደኞች በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ጭኮውንና አንድ ጀሪካን ጸበል ተሸክመው፣ ተመርቀውና ተስመው ወደ ጀልባዋ ገቡ። የሚነሱት እሑድ ጠዋት ነበር።

እሑድ ሲነጋ ሰማዩ ተገለባበጠ። ያን ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1998 መሆኑ ነው፣ ኤል ኒኞ የሚሉት ነገር ካሊፎርኒያን ይዟት ክረምቱ አልወጣ ብሎ ከርሟል። ከደቡብ ምዕራብ የመጣው ነፋስ የወደቡን ምሰሶዎች ሁሉ ያፏጫቸው ጀመር። ኮማንደር ባሮሜትሩን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉና «አንነሳም» አሉ። እስከ ረቡዕ አራት ቀን ሙሉ ዘነበ።

ሰው እንግዲህ ቤታቸው አይገቡም ነበር ወይ ይል ይሆናል። የአሳምነው ቤት ከወደቡ በታክሲ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ግን እንዴት ተደርጎ! ያን ሁሉ ሰው አስለቅሰህ፣ ያን ሁሉ ጭኮ ተቀብለህ፣ በማግስቱ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ዳቦ ስትገዛ ብትታይ ምን ትባላለህ? «መቼ ተመለስክ?» ቢሉህ «አልሄድኩም» ልትል ነው? የተሸኘ ሰው ሄዷል፣ አለቀ። ኮማንደርም «በአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ለመነሳት ዝግጁ ሆነን እንቆያለን፤ ማንም ከወደቡ አይወጣም» ብለው አዘዙ፤ ሁለቱም ትእዛዙን በደስታ ተቀበሉ። ሳምንቱን ሙሉ በገዛ ከተማቸው ተደብቀው ከረሙ።

ኮማንደር ሳህሉ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በባሕር ኃይል ዘመናቸው የጥበቃ ጀልባ አዛዥ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 ሰው ጭነው ከአሰብ ወደ የመን ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። አሁን መሀል ኦክላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ይቆርጣሉ። ነገር ግን የአሜሪካን የካፒቴን ፈቃድ ስላላቸው፣ በዓመት አንዴም ሁለቴም የሰው ጀልባ ከወደብ ወደብ ያደርሳሉ። ዶሎሬስ አርባ አራት ጫማ የምትረዝም፣ ባለ ሁለት ምሰሶ ጀልባ ናት። ባለቤቷ የሳን ሆዜ ጥርስ ሐኪም ጡረታ ወጥቶ ሆኖሉሉ ገብቷል፤ «ጀልባዬን አምጡልኝ» ብሏል። ከዚህ በኋላ ለሽማግሌ ጀልባ የሚሰጥ እንደማይኖር ኮማንደር ያውቁታል። የመጨረሻ የውቅያኖስ ጉዟቸው ይህ ነው።

ፍሬምናጦስ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አሰብ የሬድዮ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ሳን ሆዜ ይኖራል፣ ሳኒቬል ፋብሪካ ውስጥ ሰርኪት ቦርድ ይበይዳል። አሳምነው ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ በባሕር ኃይል የነበረው ማዕረግ ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር፣ ማለትም የበታች ሹሞች አለቃ፣ ከፍሬምናጦስ በብዙ ደረጃ የሚበልጥ። ሌላው ቢቀር ማዕረግ ስደት አያውቅም፤ ፍሬምናጦስ እስከ ዛሬ ቺፍ እያለ፣ እርስዎ እያለ፣ ከእሱ በፊት እጁን ወደ ዶናት አይሰድም።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ በዚያች ቅዳሜ ከአሳምነው በስተቀር የሚያውቀው የለም ተብሎ የሚታሰብ። ቺፍ አሳምነው በዕድሜው አንድም ቀን በባሕር ተጉዞ አያውቅም። እሱ የባሕር ኃይል እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበር። ማዕረጉን ያገኘው ጎል ባዳነ ቁጥር ነው፤ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ እርከን፣ በዋንጫ ሌላ እርከን። መርከብ ላይ የወጣው አንዴ ብቻ ነበር፤ እሱም ምጽዋ ወደብ ላይ ታስሮ በቆመ መርከብ፣ ዋንጫ ሊቀበል። በዚያም አስመልሶታል። ቡድኑ ለግጥሚያ ካይሮ በሄደበት ጠፍቶ ቀረ፣ ከዚያ ኦክላንድ ገባ። ሰዎች «ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉት «ባሕር ኃይል» አለ፤ ይሄ ውሸት አይደለም። «ማዕበል አያስፈራም?» ሲሉት ግን «ሲለምዱት» አለ። ያቺ «ሲለምዱት» ናት የአሥራ ሦስት ዓመት ወሬ የወለደችለት። በታክሲ ወረፋ ላይ ማዕበል፣ በክርስትና ድግስ ላይ ሻርክ፣ በልጁ በወንጌላዊት አልጋ ጠርዝ ላይ የዳህላክ ደሴቶች። ሚስቱ ፀዳለም ያገባችው መርከበኛ ብላ ነው።

የኮማንደር ሦስተኛ ሰው በድንገት ታሞ ሲቀር፣ ምእመኑ በአንድ አፍ «ቺፍ አሳምነው እያለልዎት!» አለ። ኮማንደር ትክ ብለው አይተውት «ይህን ዓይነት መንገድ ታውቀዋለህ?» ሲሉት መቶ ዓይን ያየው ነበር። «በደንብ» አለ። አፉ ነው ያለው።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ዝናቡ ሲወርድ ከሦስቱ ደስ ያለው አሳምነው ብቻ ነበር። አራት ቀን አገኘ! በአራት ቀን ውስጥ ሰው ስንት ነገር ይማራል? ግን ቺፍ የሆነ ሰው ባሕርተኛን «አስተምረኝ» ሊል አይችልም። ዘዴ ፈጠረ።

«ፍሬምናጦስ፣ ስደት ብዙ ነገር ያስረሳል። እስቲ እንደ ፈተና ውሰደው» አለው ሰኞ ጠዋት፣ ከፋክሱ እየተንቀረፈፈ የሚወጣውን የአየር ካርታ ይዞ። «ይሄ መስመር ምንድን ነው?»

«የግፊት መስመር ነዋ ቺፍ። እኩል የአየር ግፊት ያለበትን ቦታ ያያይዛል።»

«ጎሽ። ሲጠጋጋስ?»

«ነፋሱ ይበረታል።»

«ለምን?»

ፍሬምናጦስ ቆም አለ። ባሕር ኃይል ውስጥ እንዲህ ጠልቆ የጠየቀው አለቃ አልነበረም። «እንደ ቁልቁለት ነው ቺፍ። መስመሩ ሲጠጋጋ ቁልቁለቱ ቀጥ ይላል፤ አየሩ ደግሞ በቁልቁለቱ እየሮጠ ይወርዳል።»

«ጥሩ ነው፤ አልረሳህም» አለ አሳምነው። ወዲያው ዞር ብሎ ያንን ካርታ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈጠጠበት። ሰማዩ ተራራና ገደል አለው ለካ! አሥራ ሦስት ዓመት ስለ ማዕበል ሲያወራ ማዕበል ከየት እንደሚመጣ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ማክሰኞ ስለ ቋጠሮ ፈተነ፤ ያልቋጠረው ገመድ አልቀረም፤ ረፋዱ ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቦውላይን የሚሉትን ቋጠሮ ይቋጥር ጀመር። ረቡዕ ስለ ወፎቹ ጠየቀ፤ ጣራው ላይ የተደረደሩት የባሕር ወፎች ለምን ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ? «ወደ ነፋሱ ነው ቺፍ፤ ላባቸው እንዳይገለበጥ» አለ ፍሬምናጦስ፤ ቀጥሎም በአድናቆት «እርስዎ ግን የማያዩት ነገር የለም» አለው። ማስመሰሉ የት ላይ ቆሞ መጓጓቱ የት ላይ እንደጀመረ አሳምነው ራሱም አላወቀም። እየጓጓ ነው፣ እያፈረም ነው፤ ሁለቱ ባንድ ሆድ አልስማማ ብለው አስቸገሩት።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ጥርት ያለ፣ ሰማያዊ፣ ማዶ ያሉት የአላሜዳ ቤቶች መስኮት ሁሉ የሚቆጠርበት። ከአጠገባቸው የታሰሩት ሁለት ጀልባዎች ሸራቸውን አስተካክለው፣ ሰዎቻቸው እጃቸውን እያውለበለቡ ወጡ። ፋክሱም ነፋሱ ለስለስ ያለ የሰሜን ምዕራብ መሆኑን አተመ። አሳምነው ትእዛዙን ጠበቀ። ኮማንደር ባሮሜትሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ ሰማዩን አዩ፣ አሳምነውንም አዩ።

«አይ» አሉ። «ዛሬ አንነሳም።»

ዓርብም «አንነሳም» አሉ። ቅዳሜም።

«ሽማግሌው ፈርተዋል» ብሎ ሹክ አለ ፍሬምናጦስ፣ ሙሉዬ ከሄደች በኋላ ዶናቱን እየቆረሰ። «አየሩ ወተት ነው! ሐኪሙ ትናንት ቮይስሜይል ትቶላቸዋል፤ እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልወጣን ለሌላ ካፒቴን እሰጣለሁ ብሏል። እርስዎ ይጠይቋቸው እንጂ ቺፍ! በማዕረግ የሚቀርቧቸው እርስዎ ነዎት።»

«አዛዥ ይጠየቃል እንዴ?»

«እሱስ አይጠየቅም» አለ ፍሬምናጦስ፤ ቅር እያለውም ቢሆን ተስማማ።

አሳምነው ግን አላስችል አለው። ሰው የሚፈራው ነገር ሲዘገይለት ደስ ሊለው ይገባል፤ እሱን ግን ጥያቄው በላው። እኒህ ሰውዬ የሚያዩት፣ ፋክሱም ወፎቹም የማያዩት ምን ነገር ነው? ከሰዓት በኋላ ኮማንደር ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ወደቡ ገላ መታጠቢያ ሲሄዱ፣ ፍሬምናጦስም ተጋድሞ ሲያንኮራፋ፣ የጉዞ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደ። አዛዥ የማይጠየቅ ከሆነ ይነበባል።

የኮማንደር ጽሕፈት እንደ ብራና ጽሕፈት ያማረ ነበር። «እሑድ። ነፋስ ደቡብ ምዕራብ፣ ፍጥነቱ አርባ ኖት። ባሮሜትር እየወረደ። መነሻ ዘግይቷል። ምክንያት፦ አየር።» ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕም እንደዚያው። ገለጠ። «ሐሙስ። ነፋስ ሰሜን ምዕራብ አሥራ ሁለት ኖት። ሰማይ ጥሩ። ባሮሜትር የረጋ። መነሻ ዘግይቷል። ምክንያት፦ ሰው አልተሟላም።»

ዓርብ፦ ሰው አልተሟላም። ቅዳሜ፦ ሰው አልተሟላም።

አሳምነው በጣቱ ቆጠረ። ኮማንደር አንድ፣ ፍሬምናጦስ ሁለት፣ እሱ ሦስት። ጀልባዋ ሦስት ሰው ነው የምትፈልገው። ሌላ ሰው ይመጣ ይሆን? ደግሞ ቆጠረ። ሁለተኛው ቆጠራ ላይ ጣቱ ራሱ ላይ ሲደርስ ቀረ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ኮማንደር ከኋላ ተቀምጠው የተሸረከተ ሸራ በወፍራም መርፌ ይሰፉ ነበር። ማዶ የወደቡ ክሬኖች ኮንቴይነር ያወርዳሉ። አሳምነው መጣና ቆመ።

«ኮማንደር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«መዝገቡ ላይ ሰው አልተሟላም የሚል...»

«የአዛዥ መዝገብ ታነባለህ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን ኋላ ታመጣዋለህ። ጥያቄህን ጨርስ።»

«ያልተሟላው እኔ ነኝ?»

ኮማንደር መርፌውን ሸራው ላይ ሰኩና ቀና አሉ። «እሱን የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

አሳምነው አፉን ከፈተ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ አፍ ማዕበል፣ ሻርክና ደሴት ያለ ችግር ሲወጣ ኖሯል፤ ይህች አጭር ነገር ግን አልወጣም አለች። «እኔ...» አለና ቆመ። «እኔ ባሕርተኛ አይደለሁም ኮማንደር። በረኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ኮማንደር። «አስመራ ስታዲየም ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት ያዳንክ ዕለት ሰገነቱ ላይ ነበርኩ። ሦስተኛውን በእግርህ ነበር ያወጣኸው።»

አሳምነው እዚያው ገመዱ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ እያወቁ ለምን ይዘውኝ መጡ? ለምንስ አልነገሩኝም?»

«ይዤህ የመጣሁት ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። እጅህም ጥሩ ነው፤ የማያውቅ ሰው ይማራል። ያልነገርኩህ ደግሞ...» ኮማንደር መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ከአሰብ ስንወጣ ሰርፀ የሚባል ልጅ ከእኔ ጋር ነበር። በስም ዝርዝሩ ባሕርተኛ ተብሎ ተጽፏል። የየመን ዳርቻ ስንደርስ ጀልባዋ ለመጠጋት አስቸገረች፤ ባሕርተኛ ነው ብዬ ‹ገመዱን ይዘህ ዝለል› አልኩት። ‹አቤት ጌታዬ› አለና ዘለለ። ልጁ ለካ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ዋና አያውቅም። ከፊታችን፣ እያየነው ቀረ። ‹አልችልም ጌታዬ› ቢለኝ ምን አደርገው ነበር? ምንም! ግን እኔን ማፈሩ ከሞት በለጠበት። ስንት ዓመት አሰብኩት መሰለህ? አለማወቅ አያሰምጥም አሳምነው። ‹እሺ› ማለት ነው የሚያሰምጠው።»

አንድ ኮንቴይነር ማዶ መሬት ነካ፣ ድምፁ ዘግይቶ መጣ።

«እኔ ብነግርህ ወይ አፍረህ ትጠፋለህ፣ ወይ ‹እሺ› ትለኛለህ» አሉ ኮማንደር። «ራስህ እስክትመጣ ጠበቅኩ። እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ እጠብቅ ነበር።»

«ጀልባዋን ሊነጥቁዎት እኮ ነው! የመጨረሻ ጉዞዎ!»

«እና? አንድ ሰው ከመብላት ጀልባ መነጠቅ ይሻላል።»

ያን ጊዜ አሳምነው አለቀሰ። እንደ ሽኝቱ ቀን ለሰው ዓይን አልነበረም፤ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ እንደ ሕፃን ነበር ያለቀሰው። ኮማንደር እስኪጨርስ ጠበቁና ስፌታቸውን ቀጠሉ። «ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ውቅያኖስ ይመለሳል» አሉት። «መምጣት ከፈለግህ እስከዚያ ለሁለት ሰው ትናገራለህ። አንደኛው እዚህ ያንኮራፋል። ሁለተኛዋ ቤትህ ናት፤ ባለቤትህ እሺ ብላ የላከችው መርከበኛን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ከተናገርክ በኋላ ደግሞ ቺፍ የሚባል ሰው እዚህ ጀልባ ላይ አይኖርም። ከፍሬምናጦስ በታች ትሠራለህ።»

ፍሬምናጦስ ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ቀጥሎ ዓይኑ ፈጠጠ። «እና ያ ሁሉ ፈተና? መስመሩ፣ ቋጠሮው፣ ወፉ?»

«አላውቅም ነበር። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ስንት ሌሊት እኮ እያጠናሁ ነበር የማድረው፤ ቺፍ ነገ ምን ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ!» አለና በንዴት ፎጣውን ወረወረ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቀ ነበር፣ እንባው እስኪወርድ። ግን ኩርፊያውም እውነት ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ ወደ አሳምነው ዞሮ አላየም።

የወደቡ ስልክ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ነበር። አሳምነው ሳንቲሞቹን ሁለቴ ጣላቸው።

«ሄሎ?» አለች ፀዳለ።

«እኔ ነኝ።»

«ተመስገን! በሰላም ነው?»

«ፀዳለ፣ እኔ ያለሁት...»

«ዶኩ ላይ ነህ፤ አውቃለሁ» አለች። «ሙሉዬ ሰኞ ነው ያየቻችሁ። ሰው ሁሉ እንዳታፍሩ ብሎ በዚያ በኩል ማለፍ ከተወ ሰነበተ። ለመሆኑ ግንባርህ ደህና ነው? ዛሬ ‹ደህና መሆኑን እይልኝ› ብዬ ልኬያት፣ ‹በሩ ላይ ተጋጭቶ ገባ፣ ሩጫውን ስታይው ጤነኛ ነው› አለችኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። «ሌላ ነገር አለ» አለ፤ ነገራትም። በረኛነቱን፣ ምጽዋ ላይ የታሰረውን መርከብ፣ ሻርኩን፣ ሁሉንም።

«ይሄንን ግን አላወቅኩም» አለች ፀዳለ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «አሥራ ሦስት ዓመት አሳምነው? እኔንም?» ከዚያ፣ «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማ። ሊዘጋ ነው ብሎ ሲጠብቅ የልጅ ትንፋሽ መጣ። ወንጌላዊት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም። ከእናቷ ጎን ሆና ሰምታ ኖሯል።

«ዳድ?» አለች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛዋ የዳህላኩም ታሪክ ውሸት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ውሸት ነው የኔ ልጅ። አላየሁትም።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» አለችው፣ በእንግሊዝኛ አሁንም፣ እያለቀሰች።

«ማየት ፈለግኩ» አለ። «መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ። ግን እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።»

ፀዳለ ስልኩን ነጠቀቻት። አፍንጫዋ ተዘግቶ ነበር። «ስማ» አለች። «ተቆጥቻለሁ፤ ስትመለስም አልበረደልኝም ይሆናል። ያንን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእንቅልፍም ቢሆን እንዳታወልቅ። ሂድ። ሳትሄድ ብትመጣ ሌላ ወሬ ይዘህብኝ ነው የምትመጣው።» ደህና ሁን ሳትል ዘጋች።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፍሬምናጦስ የፊተኛውን ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር። ለአፍታ አመነታ፤ የለመደው አፉ ቺፍ ሊል ሲል ዋጠው።

«አሳምነው፣ የኋላውን ፍታ!»

«እሺ ጌታዬ» አለ አሳምነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጠቆጠው። ግን ፈታ።

በሞተር በክሬኖቹ ሥር አለፉ፣ ትልቁን የኦክላንድ ድልድይ በሥሩ ተሻገሩ። ኮማንደር መሪውን ይዘው በሕይወታቸው እንደዚያ ቀጥ ብለው አያውቁም። ፍሬምናጦስ «ሳበው፣ አላላው፣ ቆልፈው» እያለ ያዛል፤ አሳምነው ይስባል፣ ያላላል፣ ይቆልፋል፤ ያልገባውን «አልገባኝም» ይላል፤ ሦስት ጊዜ አለ፤ ሦስቴም ማንም አልሞተም። ሸራው ሲወጠር ጀልባዋ ጎኗን ዘንበል አደረገች፤ እሱም የሆነ ነገር ጨብጦ «በስመ አብ!» አለ። ወርቃማው በር የሚሉት ቀይ ድልድይ ከራሳቸው በላይ አለፈ። ከድልድዩ ወዲያ ውሃው ባንድ ጊዜ ሌላ ሆነ። ከሥር የሆነ ትልቅ ነገር ጀልባዋን አነሳት፣ ከፍ አድርጎ ያዛት፣ ለቀቃት።

አሳምነው ጎኑ ላይ ተንበርክኮ የሳምንቱን በሶ ሁሉ ለባሕሩ ሰጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ጀልባዋን አትይ!» ብሎ ጮኸ ፍሬምናጦስ ከፊት። «ቀና በል! ሩቅ እይ!»

አፉን በእጅጌው ጠርጎ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጃኬቱ እስከ አገጩ ተቆልፏል። ሩቅ አየ። ለታክሲ ነጂዎች፣ ለክርስትና እንግዶች፣ ለልጁ በአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አሥራ ሦስት ዓመት ሲያወራው የኖረው ባሕር ያ ነበር። ካወራው ጋር ምንም አይመሳሰልም።